ኛጃል የራሷን ሕመም ስትተረጉም

ኛጃል በጋምቤላ፣ በጀዊ የስደተኞች ጣቢያ ክሊኒክ ዘጠኝ ዓመት አስተርጓሚ ሆና ሠርታለች። ሐኪሙ በአማርኛ የሚለውን በኑዌርኛ፣ ሕመምተኛው በኑዌርኛ የሚለውን በአማርኛ ታደርሳለች። ክፉ ወሬ ቢሆንም አትሸራርፍም። "ቃሉ የባለቤቱ ነው፤ ላስቀርበት አልችልም" ትል ነበር።

አርባ አራት ዓመቷ ላይ ሐሞት ከረጢቷ ታመመና አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ሕክምና አስወጣችው። ካንሰር ተገኘበት። የካንሰር መድኃኒቱን ስድስት ወር ወስዳ ጨረሰችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ ራስ ምታት ጀመራት። ጠዋት ጠዋት ይብስባታል፤ ያስመልሳታል። ጋምቤላ ውስጥ ራሱን ያመመው ሁሉ ወባ ነው ይባላልና ጎረቤቱም፣ ባጃጅ ነጂው ወንድሟ ጀምስም ወባ ነው አሏት። ሁለቴ ተመረመረች፤ ወባ የለም። አንድ ቀን የክሊኒኩ ሐኪም ዘርአብሩክ የሚለውን እየተረጎመች ሳለ መሃል ላይ አቋረጠች።

"ምነው ኛጃል?"

"ዶክተር፣ ሁለት ሆነህ ትታየኛለህ። የቱን ልተርጉም?"

ዘርአብሩክ ሳቀ። ግራ ዓይኗ ወደ ውስጥ መዞሩን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። በማግስቱ ከጀምስ ጋር አዲስ አበባ ላካት።

እዚያ ኤምአርአይ ተነሣች፤ ከወገቧም በመርፌ ፈሳሽ ቀዱላት። ውጤቱ ሲመጣ የሆስፒታሉ ሐኪም ጀምስን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠራው። ኛጃል ይህን አጠራር ታውቀዋለች፤ ክፉ ውጤት ለዘመድ ብቻ ሊነገር ሲል ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ተከተለቻቸው።

"ዶክተር፣ በሽታው የእኔ ነው፤ ለእኔ ይንገሩኝ። የእሱ አማርኛ እንደ እኔ አይደለም፤ ያበላሸዋል።"

ሐኪሙ ጀምስን አየ፣ እሷን አየ፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና አጠገቧ ተቀመጠ።

"ካንሰሩ አንጎልን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ደርሷል። ከሐሞት ከረጢት ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ እምብዛም አይታይም፤ እኔም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አናድነውም። ጨረር ግን ራስ ምታቱን ሊያቀልልዎ ይችላል።"

"ስንት ጊዜ አለኝ?"

"ወራት። ምናልባት ሦስት።"

"አመሰግናለሁ፣ ገባኝ" አለችና የጀምስን እጅ ያዘች።

ጨረሩን ጨርሳ ስትመለስ ራስ ምታቱ ለቀቅ አደረጋት። ዘመዶቿ "ለአሮጊት እናት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም" ቢሏትም እናቷ ፊት ተቀመጠች። ለአንጎል ሽፋን የሚሆን ኑዌርኛ ቃል አጣች። የተቀቀለ እንቁላል ልጣ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ስስ ነጭ ነገር አሳየቻት።

"በሽታው እንዲህ ያለው ላይ ነው፣ እማ። አይወጣም።"

እናቷ ጣቷን እንቁላሉ ላይ አሳረፈች። "ታዲያ ምን እናድርግ?"

"አብረን እንዋል።"

ጀምስ በሳምንት ሁለት ቀን በባጃጁ ጀዊ እያደረሳት፣ አዲስ የተቀጠረችውን አስተርጓሚ ኛኪየርን አሠለጠነች። "መጀመሪያ ተቀመጪ" ትላታለች፤ "ድምፅሽን አትቀንሺ። ዘመዱን ሳይሆን ሕመምተኛውን እዪ።" የቀረውን ቀን ከእናቷ ጋር ባሮ ዳር ትቀመጣለች፤ የተጣሉ ዘመዶቿን አስታረቀች፤ መቀበሪያዋን ራሷ መረጠች።

አምስት ወር ኖረች። በመጨረሻው ሳምንት አማርኛው ጠፍቶባት ኑዌርኛው ብቻ ቀረ። ዘርአብሩክ ሊጠይቃት ሲመጣ ኛኪየር መሃላቸው ተቀመጠች።

"ሕመም አላት ወይ?"

ኛኪየር ጠየቀቻት፤ መልሷንም ሳትቀንስ አደረሰች። "'ብዙም የለኝም። ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ፤ ሰው ማየት እፈልጋለሁ' ትላለች።"

ዘርአብሩክ ትራሱን ከፍ አደረገላት። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ እናቷ አጠገብ፣ ዐረፈች።