ያልተቀረቀረው በር

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ያልራቀ ሰፈር ውስጥ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የቆርቆሮ በራችንን ገፋ ያደርግና ይመልሰዋል። በሩ ሲንቀሳቀስ እናቴ ቀና ትላለች። ሽንኩርት ስትከትፍም ይሁን ስትጸልይ፣ ቀና ብላ ታይና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ ከልጃገረድነት ወደ ትልቅ ሴትነት የተሻገርኩት ይህን እያየሁ ነው። ዛሬም የማንም ቤት በር ሲንቀጫቀጭ ቀና እላለሁ።

በሩ የማይቀረቀረው ለታናሽ ወንድሜ ነበር።

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር፤ ወንድሜ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል፣ ከትምህርት ውጭ ደግሞ በአባታችን ብስክሌት ከተማውን ሲያዳርስ ይውላል። በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንድ ቀን ጀንበር ስትጠልቅ፣ እራት ቀርቦ እጃችንን እየታጠብን ሳለ በሩ ተንኳኳ። በጣት አንጓ፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ተደርጎ ነው የተንኳኳው። የመጣው ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤታችን ነበር። ሚስቱ ከእናቴ ጋር የማርያም ማኅበር ትጠጣለች። እኔ እሱን ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። ልጁን ብስክሌት ያስተማረው ወንድሜ ነው። ያን ጊዜ ሰውዬው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ሆኖ ነበር። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ወንድሜ ለትንሽ ጥያቄ እንደሚፈለግና አሁኑኑ እንደሚመለስ ነገረን። ወንድሜ እርጥብ እጁን በሱሪው ጠራርጎ፣ ጫማውን አጥልቆ ተከተለው። እናቴ ድርሻውን በሰሃን ከደነችለት።

አልተመለሰም። እናቴ በየቀኑ ምግብ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ መሰለፍ ጀመረች። አንድ ቀን ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰላት፤ ዘበኛው ፊቷን ሳያይ፣ ከእንግዲህ ምግብ እንዳታመላልስ ነገራት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በከተማው የማያውቅ አልነበረም። ሬሳ አልሰጡንም፣ መቃብሩን አላሳዩንም። ለአብዮቱ ጠላት ማልቀስም ክልክል ነበር፤ ያን ዕለት ማታ ከቀበሌ ሰው መጥቶ ድምፃችን ከግቢ እንዳይወጣ አስጠነቀቀን። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አደረች። ሲነጋ ተነስታ እንደ ማንኛውም ቀን ቤቱን ጠረገች።

ያልተለቀሰለት ሰው አይሞትም መሰለኝ። በሩ ሳይቀረቀር ያድራል፤ የወንድሜ እራትም በየማታው ሰሃን ላይ ይወጣል፣ ይከደናል፣ ጠዋት ለውሻ ይደፋል። ብስክሌቱ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ጎማው ሲሟሽሽ አየን። ከሞተ ሰው ጋር ሳይሆን ከሚመጣ ሰው ጋር ነበር የምንኖረው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

እኔ በበኩሌ ጥላቻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ከአጥር ወዲያ ሲስል እሰማዋለሁ፤ ያ ሳል እንዲገድለው እየተመኘሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ጋሼ ማለት ቀረ፤ መንገድ ላይ ሲመጣ ካየሁት የመንገዱን ዳር ዘንባባዎች ተከልዬ ማዶ እሻገራለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ሳይቀር፣ ማሽኖቹ በዚያ ሁሉ ጩኸታቸው መሀል፣ ሦስቱ ማንኳኳት ይሰማኝ ነበር። የተበጠሰ ክር እየቀጠልኩ ድንገት ወደ በሩ እዞራለሁ። ጓደኞቼ ማን ቀጥሮሽ ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

እናቴ አባታችን ሆይን ስትደግም ይቅርታው ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋል። ከንፈሯ ይቆማል፤ ጥቂት ቆይታ ከሚቀጥለው ትነሳለች። መቁረብም ተወች። የንስሐ አባታችን ከዘጌ ገዳም በጀልባ የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። እንዲቆጧት ጠብቄ ነበር፤ ተቆጥተዋት ቢሆን እኔም የምመልስላቸው አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ታሪኩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ "ልጄ፣ ይቅርታን ከራስሽ ጎትተሽ አታወጭውም። እግዜር ነው የሚሰጥሽ። ሲሰጥሽ ግን እጅሽን እንዳትሰበስቢ" አሏት።

ለእናቴ መናገር ቀላል ነው አልኩ በሆዴ። የእኔ እጅ ለሌላ ነገር ነበር የሚያሳክከው።

ዓመታት አለፉ። ሰውዬው ከአብዮት ጥበቃው ወረደ፣ ጠመንጃውን አስረከበ፣ ጠጉሩ ሸበተ። ልጁ፣ ያ ብስክሌት የተማረው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ። አንድ ቀን ገና ሲነጋ ከአጥር ወዲያ ጩኸት ፈነዳ። መርዶ ነበር፤ ልጁ ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ቀርቷል።

ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር። አላለኝም፤ የተሰማኝ ቅናት ነው። እነሱ እንደ ልባቸው ይጮኻሉ፤ ደረት ይደቃሉ፤ ድንኳን ይተከልላቸዋል፤ ጎረቤት እየተንጋጋ ይገባላቸዋል። የሚከለክላቸው የለም።

እናቴ ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

"ወዴት ነው? እነሱ ለእኛ ለቅሶ መጥተው ነበር?"

"መች ለቅሶ ነበረን?" አለችኝና በጎኔ አልፋ ወጣች።

ጎትቼ ልመልሳት ብዬ ተከተልኳት። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ለቅሶው ረገብ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ያውቃል። ሰውዬው ከወንዶቹ መሀል ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። እናቴ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም፤ እንዴት እንደሚለቀስ የጠፋት ትመስል ነበር። ያን ጊዜ ሚስቱ ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ መቆም ስላቃታት በጉልበቷ እየዳኸች መጣችና የእናቴን ሁለት እጆች ያዘች።

"ያንችንም አልቅሽው፣ እህቴ። በኔ ልጅ ለቅሶ ያንችንም አልቅሽው። ዛሬ የሚከለክልሽ የለም።"

ከእናቴ የወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም። በልጅነቱ የምትጠራበትን ስም ነበር የምትጣራው። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ድንኳኑ በሙሉ ለሁለት ልጆች አለቀሰ። እኔ የድንኳኑን ምሰሶ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እናቴን በዚያች ሴት ክንድ ውስጥ ሳያት ተናደድኩ፤ ተናድጄም አለቀስኩ።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ እናቴ እራቱን አቅርባ የወንድሜን ድርሻ ሰሃኑ ላይ እያወጣች ነበር። በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በጣት አንጓ፣ ቀስ ተደርጎ።

 የእናቴ እጅ ሰሃኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ክፈችለት" አለችኝ።

በሩ ክፍት መሆኑን፣ ገፍቶ መግባት እንደሚችል ነገርኳት። እሷ ግን ካልከፈትሽለት አይገባም አለች። ከፈትኩ። ሰውዬው አጎንብሶ ቆሟል፤ ማጅራቱ ላይ፣ በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው፣ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ተሸክሟል። ፊቱን አላየሁም። የበሩ ደፍ ላይ ተንበረከከ።

"እትዬ፣ ልጅዎን ከዚህ በር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምን እንደሚገጥመው አላወቅሁም ነበር አልልም።"

 እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"መንገድ ላይ ልጄ ምን አለህ?"

"ዋርካው ዘንድ ስንደርስ፣ ‹እናቴ እንዳትጠብቀኝ ይንገሩልኝ፣ እራቷን ትብላ› አለኝ። ነገ ዛሬ ስል ሳልነግርዎ ቀረሁ። ፊትዎን ማየት ፈራሁ።"

እናቴ ተነስታ ወደ በሩ መጣች። ልትመታው መስሎኝ ነበር፤ እኔ ብሆን እመታው ነበር። ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች፤ አቅም አልነበራትም፣ ልታነሳው አልቻለችም።

"አግዥኝ" አለችኝ።

አልፈለግኩም። የዚያን ያህል ዓመት የያዝኩትን ነገር ለማን አስረክቤ ነው የማግዛት? ግን እናቴ ከበደኝ ሳትል እየታገለች ነበርና እጄ ሄደ። ድንጋዩ ከማጅራቱ ሙቀት ይዟል። አንስተን ከደፉ አጠገብ አስቀመጥነው።

"ይፍታህ" አለችው። "እኔንም ይፍታኝ።"

 በእኔ በኩል ያን ዕለት ይቅር ያለው እጄ ነው፤ ልቤ ብዙ ቆይቶ፣ እያነከሰ ነው የደረሰበት። ጋሼ ብዬ እስክጠራው ድረስ ክረምትና በጋ ተፈራርቀዋል።

እናቴ አስነስታ አስገባችው፤ የተከደነውን ሰሃን ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት። የወንድሜ እራት መሆኑን ሰውዬው የተረዳ አይመስለኝም፤ ወይም ተረድቶት ነው ከመጉረሱ በፊት ሁለቴ ያማተበው። ጎርሶ ጨረሰው። እናቴም ከእኛ ሰሃን በላች። ከዚያ አጥሩን ተደግፎ፣ እየሳለ ወደ ቤቱ ሄደ።

"በሩን ቀርቅሪው" አለችኝ እናቴ።

የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ አየኋት። አንገቷን ደፍታ ባዶውን ሰሃን እያጠበች ነበር። መቀርቀሪያው ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ኖሮ እምቢ አለኝ። ወጣ ብዬ ያንን ድንጋይ አነሳሁና መታሁት። ደጋግሜ መታሁት፤ ቆርቆሮው ቤቱን ሁሉ እስኪያናውጥ ጮኸ።

እናቴ ቀና አላለችም።