ጥቁሩን ያገረጣ ሌንስ

አክስቴ የምታነሳውን ፎቶ ማንም ሰው ግድግዳው ላይ አይሰቅለውም። የቁስል ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል ውስጥ ፎቶ አንሺ ናት፤ የምታነሳውም ቁስል ብቻ ነው። ያንኑ ቁስል በየሳምንቱ፣ ከአንድ ርቀት፣ በአንድ መብራት ታነሳለች። ሐኪሙ ያለፈውንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ እየሻረ ይሁን እየባሰ ይለያል። የጽዳት ሠራተኞቹ «እትዬ ቁስሌ» ብለው ስም አውጥተውላታል። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥታ ነበር። ኋላ ግን የክፍሏ ስልክ ሲጮኽ ራሷ «አቤት፣ ቁስሌ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ክፍሏ ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ ነበረች። መስኮቷ በነጭ ቀለም ተደፍኗል። አንድ አልጋ፣ አንድ ባለ ክንድ መብራትና አንድ ኮምፒውተር ገብተውባት ለሰው የሚተርፈው መቆሚያ ብቻ ነው። ከካሜራው ላይ ጫፉ የተቋጠረ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። አክስቴ ሲባጎውን ከሌንሱ እስከ ቁስሉ ድረስ ወጥራ፣ ቋጠሮው ቆዳውን ሊነካ ሲል ትለቀውና ታነሳለች። ርቀቱ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለወጥ የዘየደችው ዘዴ ነው። ከቁስሉ አጠገብ ደግሞ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር አራት ማዕዘን የታተመበት ጠባብ ወረቀት ታስቀምጣለች፤ ቀለሙ የሚታመን መሆኑ የሚታወቀው በእሱ ነው።

አንዳንድ ቀን ከትምህርት መልስ እዚያ ሄጄ እጠብቃታለሁ። ታማሚዎቹ ፋሻቸውን ሲፈቱ እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ። እሷ ግን ፊቷ ቅጭም ብሎ አይቼ አላውቅም። ሰዎቹ አፍረው «ይቅርታ፣ ይሸታል» ሲሉ ሌላ ወሬ እያወራች ወንበሯን ጭራሽ ጠጋ ታደርጋለች።

ባለፈው ክረምት ሌንሷ ሞተ። ውስጡ ያሉት ብርሃን የሚመጥኑ ስስ ብረቶች ተጣብቀው ቀሩ፤ ጠጋኙም ገና በእጁ እንደያዘው «እትዬ፣ ይሄ አርፏል። ያልቅሱና ይቅበሩት» ብሎ መለሰላት። የሆስፒታሉ ግዥ ክፍል አስመጪውን ሲጠይቅ አዲሱ ሦስት ወር ይፈጃል ተባለ።

ሦስት ወር መጠበቅ የማይቻለው በአንድ ታማሚ ሹፌር ምክንያት ነበር። ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ስኳር አለበት። በግራ እግሩ፣ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መካከል የወጣችው ቁስል ጠርዟ መጥቆር ጀምሯል። ውሳኔው በቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ሁለት ሆስፒታል ስለሚሠራ እኛ ጋ የሚመጣው አንዳንድ ሐሙስ ብቻ ነው፤ በቀረው ሳምንት ፎቶውን አይቶ ያዝዛል። ጥቁሩ ካልሰፋ በመድኃኒት ይቀጥላል፣ ከሰፋ እግሩን ሳይይዝ ጣቱ ቶሎ ይቆረጣል።

«ግራ እግሬ ነው እኮ፣ ፍሪሲዮን የሚረግጠው» አለ ሹፌሩ። «ቀኙ ቢሆን እንደራደር ነበር።»

«ቀኝህ ፍሬን አይይዝም እንዴ?» አለችው አክስቴ።

«እኔ ፍሬን መች እይዛለሁ፣ እህቴ? ተሳፋሪው ሲጮኽ መኪናው ራሱ ይቆማል።»

እየሳቀ እግሩን አነሳላት።

ስለዚህ ሌንስ ፍለጋ አብረን ወጣን። መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ ያገለገለ መግዛት፣ ወይ በሻንጣ የገባ፣ አስመጪው የማያውቀውና ዋስትና የሌለው አዲስ።

መጀመሪያ የሄድነው ባለ ሻንጣው ጋ ነው። ስልክ መሸጫ ሱቅ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ኋላ ያለች ጓዳ ውስጥ ይሸጣል። ማስቲካውን እያላመጠ ካርቶኑን ከፈተ። ሌንሱ አዲስ ነው፣ ያውም ከሞተው ጋር አንድ ዓይነት። አክስቴ አገላብጣ አየችውና መለያ ቁጥሩ መኖር በሚገባው ቦታ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። በሞረድ ተፍቋል።

«ቁጥሩስ?»

«እናቴ፣ ፎቶ የሚያነሳው ሌንሱ ነው ቁጥሩ?»

«ለምን ተፋቀ ነው ያልኩህ።»

«ከወዲያ የሸጠልኝ ሰው እንዳይታወቅበት ነዋ። ሁሉም ይፍቃል።» ማስቲካውን በምላሱ ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረና ጠቀሳት። «ደረሰኝ ካስፈለገ ይጻፍልሻል፤ የፈለግሽውን ያህል ብለሽ አጽፊ። መንግሥት ቤት ነው አይደል የምትሠሪው?»

አክስቴ ሌንሱን እንደ ትኩስ ነገር ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው። ውጭ ስንወጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

«እጅ እጅ አለኝ» አለች። «ሰውየው ሳይሆን፣ ያ ጥቅሻው። የእኔ ቢጤ ስንቷ ብትሄድለት ነው እንዲህ የሚጠቅሰው?»

ያገለገለ የሚሸጠው ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። ዝግ መስኮት፣ የረጠበ ምንጣፍ ሽታ፣ በመስታወት ሣጥን የተደረደሩ የሌላ ሰው ዕቃዎች። ባለ ሱቁ ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሌንሱን ከማቀበሉ በፊት አፉን አስጠግቶ «ሃህ» አለበትና በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ትንፋሹ ከመስታወቱ ላይ ሲጠፋ አየሁ። አክስቴ በሁለት ጣቷ ተቀበለችና እኔን የስልኬን መብራት እንዳበራ አዘዘችኝ። በአንድ በኩል አበራሁ፣ በሌላው በኩል አየች።

ከመስታወቱ ጠርዝ የተነሱ ነጫጭ ክሮች ወደ መሀል ይሳባሉ፤ ከመታጠቢያ ቤት ቱቦ እንደሚወጣ ፀጉር እርስ በርስ ተያይዘዋል።

«ሻግቷል!»

«ኧረ እትዬ፣ አቧራ ነው።»

«አቧራ ሥር አለው እንዴ?»

ቅፍፍ አላት። ባለ ሱቁ ግን ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው፤ ምንም ሳይመስለው ከኋላ ክፍል ሌላ አመጣ። ይኼኛው በስልኬ መብራት ሲታይ ምንም የለበትም። ከሞተውም ጋር አንድ ዓይነት ነው። የአንድ ወር ዋስትና አለው፣ እውነተኛ ደረሰኝ አለው፤ ግዥ ክፍሉ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይገዛም። በሱቁ መስኮት ሞከረችው፤ ጥርት ብሎ አነሳ። ያንን የተፋቀ ነገር ዳግም ከመንካት ይኼ ተሻላት።

በዚህ ሌንስ የሹፌሩን እግር ሁለት ሳምንት አነሳች። በእያንዳንዱ ፎቶ እንደ ልማዷ ነጩን አራት ማዕዘን አየች፤ ነጩ ነጭ ነው። ቀዶ ሐኪሙም «ጥሩ ነው፣ እየገረጣ ነው፣ ይቀጥል» ብሎ ጻፈ። እሷ ራሷ ናት ለሹፌሩ የነገረችው። ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ ባንድ እግሩ ሊጨፍር ሲል ነርሷ ጮኸችበት።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ እኔም እዚያ ነበርኩ። አክስቴ ሲባጎውን ወጥራ ለቀቀች፣ አነሳች፣ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከዚያ ተመልሳ እግሩን አየች። እንደገና ኮምፒውተሩን። ሹፌሩ ወሬውን አቋረጠ።

«ምነው፣ እህቴ?»

«ቆይ እስቲ።»

ጎንበስ ብላ በባዶ ዓይኗ ተመለከተች። እኔም በዚያ ቀን ደፍሬ አየሁ። ጥቁሩ ከጣቶቹ መካከል ወጥቶ ሁለተኛውን ጣት ዙሪያውን ይዞታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ግን አመድማ፣ ለስለስ ያለ፣ ለመዳን የተቃረበ ቁስል ነው። በድሮው ሌንስ የተነሳውን የመጨረሻ ፎቶ ከጎኑ ከፈተች። በድሮው ፎቶ የወረቀቱ ጥቁር አራት ማዕዘን እንደ ከሰል ጠቁሯል። በአሁኑ ግን ጥቁሩ ግራጫ ሆኗል።

መብራቱ ሲያረጅ ነጩን ቢጫ ስለሚያደርግባት፣ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስታጣራ የኖረችው ነጩን ነው። ጥቁር ሊከዳት እንደሚችል አስባ አታውቅም።

ሌንሱን ነቅላ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይዛው ሮጠች። በዚያ ኃይለኛ መብራት ሲታይ የውስጡ መስታወት ሙሉ በሙሉ ጭጋግ ለብሷል፣ ወተት ጠጥተው ያላለቀለቁት ብርጭቆ ይመስላል። በስልኬ መብራት ያልታየን ይኼ ነው።

ለቀዶ ሐኪሙ ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበረ ሁለቱንም ሰማሁ።

«ዶክተር፣ የሁለቱን ሳምንት ፎቶ ይሰርዙት። ውሸት ነው።»

«ፎቶ ይዋሻል እንዴ?»

«የእኔ ዋሸ። ጥቁሩ ሰፍቷል።»

«የማየው ሐሙስ ጠዋት ነው። እስከዚያ በትክክለኛ ሌንስ አንሺልኝ። ከድሮው ጋር ሳላስተያየው ምን ያህል እንደሄደ፣ የት ላይ እንደምቆርጥ አላውቅም።»

ወደ ባለ ሱቁ ስንመለስ አክስቴ አልጮኸችም። ሌንሱን መስታወት ሣጥኑ ላይ አስቀምጣ «ምን አድርገኸው ነው?» ብቻ አለችው።

«ምንም! ሻግቶ ነበር፣ ፈትቼ አጠብኩት። እርስዎ ራስዎ ሻጋታ አልወድም አላሉም?»

«በምን አጠብከው?»

«በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። ፏ አድርጎ ነው የሚያወጣው።»

«ቀለም የሚጠብቀውን የመስታወቱን ቅብ አብሮ ልጦታል።»

«እንግዲህ እትዬ፣ ሠርግ የሚያነሱት እንዲያውም ይሄን ፈልገው ነው የሚመጡት። ሙሽራዋን ያለሰልስላቸዋል፣ ማድያቱ አይታይ፣ ሽፍታው አይታይ። ካልፈለጉት ይመልሱልኝ፣ ዛሬውኑ ገዢ አለው።»

ይህን ሲል ፈገግ ብሏል። አክስቴ ሌንሱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለሌላ ሰው እንዲሸጠው አልፈለገችም።

የቀረው ባለ ማስቲካው ነው። መጋረጃውን ገልጠን ስንገባ «እመቤቲቱ ተመለሱ!» ብሎ ተነሳ። አክስቴ ወንበሩን እንኳ አልተቀበለችም። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በሌንሱ አነሳችው፤ ይኼኔ ነጩን ትታ ጥቁሩን ነው ያየችው። ከሰል ነው። በራሷ የእጅ ባትሪ ውስጡን መረመረች። ንጹሕ ነው፣ እንደ ምንጭ ውሃ። ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ ሆኖ እንዲህ ጥርት ያለ መስታወት አይቼ አላውቅም።

«ደረሰኙን ስንት ብዬ ልጻፍልሽ?»

«አትጻፍ።»

«ከኪስሽ ልትከፍይ?»

«አትጻፍ አልኩህ።»

«አይ እናቴ» አለ በእዝነት፣ «አንቺ ኑሮ አይገባሽም።»

ከፈለችው። መንገድ ላይ ስንሄድ ቦርሳውን ከሰውነቷ አርቃ ነው የያዘችው። «የሰረቁት ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «የማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የገዛሁት። ይኼም ይቀፈኛል። ግን እግሩስ?»

ረቡዕ ጠዋት ሹፌሩን አነሳችው። ሐሙስ ቀዶ ሐኪሙ የድሮውንና የረቡዕን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አልቆየም። ሁለት ጣት ይቆረጣል፣ ዛሬውኑ። እግሩ ይተርፋል።

ሹፌሩ በሚገፋ አልጋ ላይ ተኝቶ ሲጠብቅ አክስቴ አጠገቡ ቆመች።

«እየገረጣ ነው አላልሽኝም ነበር?» አላት።

«ብዬህ ነበር። ሌንሱ አታለለኝ። እኔም ማየት ያለብኝን ሳላይ ቀረሁ።»

«ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆንስ?»

ነርሷ አክስቴን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። አክስቴ ግን መለሰችለት።

«አንድ ጣት ይበቃ ነበር መሰለኝ።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሊያስገቡት አልጋውን ሲገፉት ነው የተናገረው።

«ይቅር ልልሽ ዛሬ አልችልም። ፎቶውን ግን ያንን ሌንስ ለሸጠልሽ ሰው አሳዪልኝ። እንዲያየው እፈልጋለሁ።»

ቅዳሜ በትልቁ አሳትማ ፎቅ ላይ ወዳለው ሱቅ ወሰደችው፤ እኔም ተከትያት ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ አንድ ሠርግ አንሺ ወጣት ሌንስ እያማረጠ ነበር። አክስቴ ፎቶውን በመስታወት ሣጥኑ ላይ ዘረጋችው፤ ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት የተነሳው እግር፣ ከነጥቁሩ፣ ከነፈሳሹ፣ ከነወረቀቱ።

«ኤጭ!» ባለ ሱቁ አፉን በእጁ ያዘ። «ምንድነው ይሄ! ሰው ባለበት! ያንሱልኝ፣ ያንሱልኝ ሊያስመልሰኝ ነው!»

«የሰው ጣት ነው። አንዱ በአንተ ሌንስ የተቆረጠ ነው።»

በእጁ ሊነካው ስላልፈለገ በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አድርጎ ገለበጠው። አክስቴ መልሳ አቃናችው። እንደገና ገለበጠ። እንደገና አቃናች። ሠርግ አንሺው አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየ፣ እጁ ላይ ያለውን ሌንስ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ደረጃውን ወረደ።