የጥሩምባ ሹክሹክታ

«ጥሩምባ» የምንለው ጎረቤቴ የሚኒባስ ረዳት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጣራ ስለሚውል ቤቱ ገብቶ «ውሃ ስጪኝ» ሲል ሰፈሩ ይሰማል። «ወራጅ አለ!» ስንለው ግን አይሰማም፤ አሳልፎን ይሄዳል።

ባለፈው እሁድ ማታ የሦስት ዓመት ልጁን እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል ያዛት፣ ድምፅዋም ተዘጋ። ሚስቱ ክሊኒክ ወስዳት ስትመለስ የሐኪሙን ምክር ስትነግረው በግድግዳው ሰማሁ።

«ጉሮሮዋ ውስጡ አብጧል። ካለቀሰች ይብስባታል፤ ቀና አድርገህ ያዛት። ሳታለቅስም ትንፋሽ ስትስብ ሲር ሲር ካለባት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ወዲያው ሆስፒታል ነው። አንተ ደግሞ በእናትህ፣ ድምፅህን ዋጥ!»

ዋጠ። ልጁን ታቅፎ ነፋሻው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። እሹሩሩ አያውቅም፤ የሚያውቀው መስመሩን ነው። ስለዚህ ጆሮዋ ሥር «ገበያ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ መናኸሪያ» እያለ በሹክሹክታ ይጣራ ጀመር። መናኸሪያ ሲደርስ እንደገና ከገበያ ይነሳል። ሳሏ እየላላ፣ ትንፋሿ እየሰከነ ሄዶ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ስወጣ አሁንም ታቅፏታል፤ ተነስቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ልጅቷ ነቅታ ትቁነጠነጣለች፤ እሱ ገና «ገበያ፣ ድልድይ» ላይ ነው። በዚያች በተዘጋች ድምፅዋ፣

«ወራጅ አለ!» አለችው።

ስንቱን ጩኸት ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፈው ሰውዬ፣ ለሹፌሩ «ቁም» እንደሚለው የበሩን መቃን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገና አወረዳት።