ታጠቢውና ቀጥይ

ጓደኞቿ «ጥንቁቋ» ይሏታል፤ ግማሹ ለአድናቆት፣ ግማሹ ለሹፈት ነው። የመጨረሻ ዓመት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። የተጠቀሙበትን መርፌ በሁለት እጅ መልሶ መክደን ክልክል መሆኑን ክፍል ውስጥ እሷን የሚያህል የሚያስረዳ አልነበረም። ያን ዕለት ግን በሁለት እጇ ከደነችው።

የመርፌ መጣያው ሣጥን ያለው ከበሩ ጀርባ ነው። ታካሚዋ፣ አንድ ጎልማሳ ሹፌር፣ ድዱ ደንዝዞ ጥርሱ እስኪነቀል ይጠብቃል። ኮሪደሩ በወረፋ ተጨናንቋል፤ የሚቆጣጠራቸው ሐኪም ደግሞ ቶሎ ቶሎ በሉ እያለ ይዞራል። ክዳኑን ስትገፋ መርፌው ስቶ አውራ ጣቷን ወጋት። ጓንቷ ደም ቋጠረ።

ለሐኪሙ ነገረችው። ጣቷን በቅጡ እንኳ ሳያይ፣ «ታጠቢውና ቀጥይ። እኛም ስንቴ ተወግተናል» አላት።

ጥርሱን ጓደኛዋ ነቀለላት። እሷ ጣቷን በሳሙና ስታጥብ ሹፌሩ ጥጡን ነክሶ ወጥቶ ሄዷል፤ ደሙ ይመርመር ያለ ሰው የለም።

የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ ቶሎ ካልተጀመረ ዋጋ እንደሌለው ስለምታውቅ ወደ ሆስፒታሉ ዋና ሕንፃ ሮጠች። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ላካት። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ ለሠራተኛ እንጂ ለተማሪ አይደለም አላት።

«መርፌው ሠራተኛና ተማሪ ይለያል እንዴ?» ብትል ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ። ስትመላለስ ውላ፣ በመጨረሻ አንዲት ነርስ አዝናላት ሰጠቻት።

ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊዋ እህቷ ነገሩን ሰምታ ሳቀች።

«እኔ በቀን ስንቴ እወጋለሁ፤ ሞትኩ?»

«ያንቺ መርፌ የሚነካው ጨርቅ ነው፤ የኔው የሰው ደም።»

እህቷ ሳቋን ትታ ተነሣች። ጓዳ ገብታ ቆይታ ስትወጣ ዐይኗ ቀልቶ ነበር።

መድኃኒቱ አንጀቷን ገለበጠው፤ እያቅለሸለሻት ክሊኒክ ትውላለች። ስልኩን ከካርዱ ላይ አግኝታ ለሹፌሩ ደውላ እንዲመረመርላት ብትለምነው በሽተኛ መሰልኩሽ ወይ ብሎ ዘጋባት። ጓደኞቿ ደግሞ ጉዷን ሲሰሙ አንድ በአንድ እየጠሯት የየራሳቸውን ያንሾካሹኩላት ጀመር። አንዱ በጥርስ ማጽጃ መሣሪያ ተወግቶ ነበር፤ ሌላዋ ዐይኗ ውስጥ ደም ተረጭቶባታል። ሁሉም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ ግን ዝርክርክ እንዳይባሉና ውጤታቸው እንዳይነካ ብለው ዋጡት። በማን እንደምትናደድ ግራ ገባት።

ሹፌሩ ከሰነበተ በኋላ ራሱ መጣ። ያኔ ደንግጦ እንደነበር፣ እሷን የምታክል ልጅ እንዳለችው ነግሯት ክንዱን ዘረጋ። ደሙ ንጹሕ ሆነ። የእሷም ምርመራ እንዲሁ።

እፎይ ብላ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች፤ ወደ ክሊኒኩ አዲስ ለሚገቡት ተማሪዎች ስለ አደጋው የምትናገርበት አንድ ሰዓት ጠየቀችው። ተምረውታል፣ ጊዜ አይባክን አላት።

«ዶክተር፣ መማሩንማ እኔም ተምሬው ነበር» አለች።

እሱ ፊቱን ወደሚቀጥለው ታካሚ አዙሯል።

ስለዚህ በሥራ መውጫ ሰዓት ደረጃው ጋ ቆማ ያገኘቻቸውን አዲስ ተማሪዎች ሰበሰበች። አንዳንዶቹ አውቶቡስ አመለጠን ብለው ሄዱ። የቀሩት ጥቂቶች ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ሰሟት።