አንድ ዙር ሰንሰለት

ባለፈው ሳምንት ኤረር በር አጠገብ ማንጎ ስመርጥ አንድ ከባድ መኪና ተሳቢውን እየጎተተ በዝግታ አለፈ። የተሳቢው አንዱ አክስል ጎማዎቹ ተፈትተው፣ ወደ ላይ ተነስቶ በሰንሰለት ታስሯል። ሻጯ “አባባ፣ ልመዝነው?” ስትለኝ ምን እንደመረጥኩ እንኳ አላውቅም ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመቴ ከዩሱፍ ጋር አንድ መኪና በየተራ እንነዳ ነበር። እኔ ሐረር የተመደበ ወታደር ልጅ ነኝ፤ እሱ የጀጎል ተወላጅ፣ ለእናቱ አንድ። መንዳት ይወድ ነበር። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። እናቱ ስንቅ ሲቋጥሩልን የእኔን ከልጃቸው አያሳንሱም ነበር።

ክረምት ነው። ከጅጅጋ ስንዴ ጭነን ስንመለስ፣ ባቢሌን እንዳለፍን የተሳቢው የኋላ አክስል ተሰነጠቀ። ጋራዥ ያለው ሐረር ነው። ጎማዎቹን ፈታን፣ አክስሉን በክሪክ አነሳነው። በሰንሰለት ማሰሩ የእኔ ድርሻ ሆነ። ጭቃ ላይ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ፤ ግራሶ የቀላቀለ ውሃ ዓይኔ ውስጥ ይንጠባጠባል።

“ሁለት ዙር አዞርከው?” አለኝ ዩሱፍ ጎንበስ ብሎ።

“አዎ።”

“አቦ፣ ልየው እንዴ?”

“አሰርኩ አልኩህ እኮ። እንሂድ።”

አንድ ዙር ብቻ ነበር።

እሱ በሰው እርምጃ ፍጥነት ነዳ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ የባቢሌ ለውዝ እፈለፍላለሁ። ሐረር ልንገባ ስንል መኪናው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ሰንሰለቱ አመለጠ። አክስሉ መሬቱን ነከሰ፣ ተሳቢው አዘመመ፣ ጆንያዎቹ ተናዱ። በመንገዱ ዳር ወተት ይዛ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት ነበረች። ጆንያዎቹን አንስተን ስናወጣት ወተቱ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሏል። አልጮኸችም። “ሚላ ኮ፣ ሚላ ኮ” ትላለች በኦሮምኛ፤ እግሬን፣ እግሬን። ከሞት ተረፈች፤ እግሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቅ ዩሱፍ “ሹፌሩ እኔ ነኝ” አለና ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። መንጃ ፈቃዱን ተቀማ፤ ባለመኪናውም አሰናበተው። ጀጎል ውስጥ በአጎቱ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠ። እኔ መንዳቴን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን እናቱ መንገድ ላይ እጄን ያዙ። “ልጄ፣ አንተ ጎኑ ነበርክ። ምነው ቀስ በል ብትለው ኖሮ?” አሉኝ። እጄን ከእጃቸው አውጥቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

ባለፈው ሳምንት ማንጎውን ትቼ በቀጥታ ዩሱፍ ሱቅ ሄድኩ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ የአንድ ሰው ኮት እያጠበበ ነበር።

“ዩሱፍ፣ ያን ቀን ያሰርኩት አንድ ዙር ነበር።”

የስፌት መኪናውን አቆመ። “አውቃለሁ። የቀረውን ሰንሰለት ከአክስሉ ላይ የፈታሁት እኔ አይደለሁ?”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“አንተ እስክትናገር ጠበቅኩ። በኋላ ደከመኝ።” ክሩን በጥርሱ በጠሰው። “እኔ አፉ ብዬሃለሁ፣ ወላሂ። እናቴ ግን ልጄ በግዴለሽነቱ ሰው ጎዳ እንዳለች ነው የሞተችው።”

ሻይ አስመጣልኝ። ጠጣሁ፤ እምቢ ማለትም አልቻልኩም። እሱ ይቅር ብሎኛል፤ ባለወተቷን ስሟን እንኳ አላውቅም። እናቱ እጄን ይዘው ሲጠይቁኝ መልሱ አንዲት አጭር ቃል ነበረች፦ “እኔ”። አሁን ብናገራት ሸክም የምታቀልለው ለእኔ ብቻ ነው።