አባባ መኩሪያ ያጠቡት አንቀልባ

ልጅ ሳለሁ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ለንደን ውስጥ፣ ክሮይደን በሚባል ሰፈር፣ በእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እናቶቻችን መዝሙር ሲለማመዱ፣ አዳራሹን የሚያጸዱት አባባ መኩሪያ እኛን ልጆቹን ይይዙን ነበር። ያኔ፣ ክረምት ሆኖ ቶሎ ሲጨልም፣ መብራቱን ያጠፉና የማሞቂያው ሽቦ እንደ ፍም ሲቀላ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው አንቀልባ ተረት ያወሩልን ነበር።

አንቀልባው ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ ነው። ድሮ አንድ ሚሲዮናዊ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች መንደር ያመጣው ነበር። በአባባ ተረት ውስጥ በእሱ የታዘለችው ሕፃን አንዴ ድብ ታስቃለች፣ አንዴ ወንዝ ታስቆማለች።

«ስሟ ማን ነበር አባባ?»

«እሱን እናቷን ጠይቅ፣ አንተ ለፍላፊ!»

አሥር ዓመት ሲሞላኝ እንግሊዞቹ አንቀልባውን ሊመልሱ ወስነው ለዚያ መንደር ሰዎች የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ። አንቀልባውን ሊረከቡ ከመንደሩ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት መጡ። አባባ በዋዜማው አንቀልባውን በሳሙና አጥበው፣ ዘይት ቀብተው አሳደሩት። እንግዳ በአቧራ አይቀበሉም።

ሴትየዋ ንግግሩን አልጠበቁም። አንቀልባውን ታቅፈው ፊታቸውን ቆዳው ውስጥ ቀበሩ። አሸተቱት።

«ጭሱ የለም» አሉ።

ቆዳው በእንጨት ጭስ የተለፋ ነበር። የሴትየዋ እናት በሕፃንነታቸው የታዘሉት በእሱ ነው፤ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲወሰዱ እሱም አብሮ ተወሰደ። ያኔ ዘጠና ዓመት አልፏቸው፣ መንደራቸው ሆነው ያደጉበትን ቤት ሽታ እየጠበቁ ነበር። የተረቱ ሕፃን በሕይወት ነበረች።

አባባ ተነሡ። «ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

የእንግሊዞቹ ቄስ የጻፉትን ንግግር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁ።

«እናንተው መንደራችን ድረስ አምጡት» አሉ ሴትየዋ። «ለእናቴ ራሳችሁ ንገሯት።»

ቄሱና አባባ አብረው ሄዱ። አባባ ሲመለሱ የነገሩን ግን ተረት አልነበረም። አሮጊቷ አሽትተው «እንዲህ ነጽቶ አያውቅም!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ። እሳት አስነድደው አንቀልባውን ከጭሱ በላይ ሰቀሉት። ቄሱ አራት ቀን ተንበርክከው፣ ዓይናቸው እየተጨናበሰ፣ ፍሙን ሲያራግቡ ሰነበቱ። ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ እየሄዱ ለመንደሩ እንጨት ይፈልጡ ነበር። ከይቅርታ ደብዳቤው ይልቅ እሱን አከብርላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ልጄ ሞተች። ስምንት ወሯ ነበር። ዘመዶች መጥተው ቤቱን አጸዱልኝ። አክስቴ የልጅቷን ብርድ ልብስ ይዛ ወደ ማጠቢያው ስትሄድ አየሁ።

«እትዬ፣ እሱ አይታጠብ።»

ቆም አለች። ብርድ ልብሱን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ፣ ምን ላድርግልህ?»

ያንን ጥያቄ ያኔ አዳራሹ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

«አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት።

ብርድ ልብሱ እስካሁን ወተት ወተት ይላል።