ከማሳችን የተለቀመው ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ ከገነተ ማርያም ማዶ ባለችው ቤታችን፣ የምድጃው ፍም አመድ ሲለብስና ኩራዙ መጨስ ሲጀምር፣ አክስቴ እትዬ ጥሩ እንዝርታቸውን እያሾሩ ስለ አንድ ትዕቢተኛ ቋጥኝ ይነግሩን ነበር። ቋጥኙ «እኔን ማን ይነካኛል» ብሎ ተኮፍሶ ሳለ ቀን ፀሐይ ታግለዋለች፣ ሌሊት ውርጭ ይቆነጥጠዋል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ ዝናቡን ተከትሎ የወይራ ሥር። ጀርባው ይሸብታል፣ ይፈረፈራል፣ ጎርፍ ያንከባልለዋል፤ በመጨረሻም ገብስ የሚበቅልበት አፈር ይሆናል። «ድንጋይ የአፈር አባት ነው፤ አባትን ከልጁ አይለዩትም» ይሉና ተረቱን ይዘጋሉ።

የእሳቸው ማሳም በድንጋይ የተሸፈነ ነበር። በእኛ አገር ማሳ ላይ ያለ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ዝም ብሎ አይለቀምም፤ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፣ ውሃው አፈሩን ጠርጎ እንዳይሄድም ይገታል። ይህን ላስታ ውስጥ እርፍ የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል። አጎቴም ያውቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አጎቴ፣ የእትዬ ጥሩ ታናሽ ወንድም፣ ላሊበላ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ሲሠራ ለአጥሩ ድንጋይ አስፈለገው። እሳቸው ነአኩቶ ለአብ ለንግሥ በሄዱበት አይሱዙ አምጥቶ ድንጋዩን ለቅሞ ጫነና ማሳቸውን ራቁቱን አስቀረው። ሲመለሱ ደግሞ «አጸዳሁልሽ እኮ፣ ምነው ብታመሰግኚኝ» አላቸው። እሱን አንቱ ማለት ያስጠላኝ ያኔ ነው።

ክረምት ገባ። የሐምሌ ዶፍ ባዶውን መሬት እየቀጠቀጠ ላዩን የተለሰነ ግድግዳ አስመሰለው፤ ውሃው ወደ ውስጥ መስረግ ሲያቅተው አፈሩን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ያ ጥቁር፣ ሲጨብጡት እጅ ላይ የሚያያዝ አፈር ሄዶ አሸዋና ጭንጫ ቀረ። አጎቴ ሊያስተዛዝን መጣና «የእግዜር ቁጣ ነው፣ እታለም» አለ።

እትዬ ጥሩ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «እግዜርን ተወው» አሉት። «እግዜር አይሱዙ የለውም።»

ከዚያ ወዲያ ከወንዙ ዳር ድንጋይ በጀርባቸው እያዘሉ ወደ ማሳው መመለስ ጀመሩ። እኔም አቅሜ የቻለውን ይዤ እከተላለሁ። አንድ ቀን «ይሄ መቼ ነው አፈር የሚሆነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለእኔ አይደርስም። ላንቺም አይደርስ» አሉኝ። «የተረፈችውን ይያዝልን እንጂ።»

ዛሬ እሳቸው የሉም፤ ማሳውን የምናርሰው እኔና ባለቤቴ ነን። የአጎቴ አጥር ግን ቆሟል፤ እንግዶች ተደግፈውት ፎቶ ይነሣሉ፣ ያምራል ይላሉ። ባለፈው በጋ ልጁ መጥቶ አጥሩን ሊያስረዝሙ እንደሆነ ነገረኝና «ይሄ ሁሉ ድንጋይ እዚህ ተበትኖ ምን ያደርግላችኋል?» አለኝ፣ ያለ ምንም እፍረት። አንዱን ገለበጥኩለት። ዙሪያው በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ነው። እጁን ይዤ አስነካሁት።

«አባትህ መጀመሪያ የወሰደውን ይመልስ» አልኩት።

ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ተረቱ ብቻ አይደለም፤ ንዴቱም አብሮ ቀርቷል፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ሰሞኑን ሰዎች ሲያወሩ እንደሰማሁት አጎቴ አጥሩን በብሎኬት ቀጥሎታል። ለካ በብሎኬትም ይታጠር ኖሯል።